ታሪኩና ጉዳቱ አልገጥም ሲሉ፦ የሕፃናትን ጥቃትና ቸልታ በሕክምና ክፍል የመለየትና ምላሽ የመስጠት ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በጥቃት ምክንያት ጭንቅላታቸው የተጎዳ 173 ሕፃናትን መዝገብ አገላብጦ ነበር። ከእነዚህ መካከል 54ቱ ከተጎዱ በኋላ ሐኪም ፊት ቀርበው፣ ታይተው፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ ቤት የተመለሱ ነበሩ። ለብዙዎቹ በካርዳቸው ላይ የተጻፈው የሆድ ኢንፌክሽን ወይም ጉንፋን መሰል ሕመም ነው። የመታለፍ ዕድላቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ደግሞ በጣም ትንንሾቹና ሁለቱም ወላጆቻቸው አብረው የሚኖሩ ነጭ ሕፃናት ናቸው። ይህ ስለ እኛ ስለ ጤና ባለሙያዎች ብዙ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የምንፈርደው ጉዳቱን አይተን ሳይሆን ቤተሰቡን አይተን ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ያዙልኝ። ጥፋተኛውን ማግኘት የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ለዚያ ፖሊስና ፍርድ ቤት አሉ። እናንተ ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ «እኚህ እናት ልጃቸውን ይጎዳሉ ብዬ አምናለሁ ወይ?» ብላችሁ አይደለም። ጥያቄው «የተነገረኝ ነገር፣ በዚህ ዕድሜ ባለ ልጅ ላይ፣ ይህን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ አድልዎ ይወስዳል። ሁለተኛው ግን በሕክምና እውቀት የሚመለስ ነው፤ ለሀብታሙም ለድሃውም፣ ለምታውቁትም ለማታውቁትም ቤተሰብ እኩል ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ልጁ ከመምጣቱ በፊት

ተጠርጣሪ ጉዳት ያለበት ልጅ ሌሊት በተረኛ ሐኪም እጅ ሲገባ ስልክ ቁጥር መፈለግ የሚጀመርበት ክፍል ልጁን አስቀድሞ አሳዝኖታል። የሚከተሉት በጽሑፍ ተዘጋጅተው ግድግዳ ላይ ወይም በታወቀ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ፦ በአገራችሁ ሕግ መሠረት ማን፣ ለማን፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ማሳወቅ እንዳለበት፤ የሕፃናት ጥበቃ ተቋሙና የፖሊሱ ስልክ፤ ልምድ ያለው የሕፃናት ሐኪምና ማኅበራዊ ሠራተኛ የሚገኙበት መንገድ፤ የሰውነት ሥዕል ያለበት የጉዳት መመዝገቢያ ቅጽ፤ መለኪያ ማስመሪያና የተቋሙ ካሜራ። ከልጅ ጋር ለብቻ መነጋገሪያ የሚሆን በር ያለው ክፍልም ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱን ልጅ በመጠይቅ እያጣሩ ማለፍን አይመክርም። የሚመክረው አጠራጣሪ ምልክት ሲታይ ነቅቶ መጠየቅን ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሁሉም ላይ የሚሞላ ቅጽ ቶሎ የወረቀት ሥራ ይሆናል፤ የሠለጠነ ዓይን ግን አይደነዝዝም።

ደረጃ 2፦ ታሪኩን ማዳመጥ

አብዛኛው ነገር የሚታወቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። አሳዳጊውን «ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ ጠይቁና ሳታቋርጡ አዳምጡ። ከዚያ ዝርዝሩ ይምጣ። ልጁ መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው? ማን አብሮት ነበር? ከየት ወደቀ? ከፍታው ስንት ነው? ያረፈበት ወለል ምንድን ነው? ወዲያው አለቀሰ? ከዚያ በኋላ ምን አደረጋችሁ? ሁለት አዋቂዎች አብረው ከመጡ ለየብቻ አነጋግሩ። የቋንቋ ችግር ካለ አስተርጓሚው የቤተሰብ አባል አይሁን፤ ወንድም እህቱም ጭምር።

ጆሯችሁን ሊያነቁ የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ለከባድ ጉዳት ምንም ማብራሪያ አለመኖር፣ ለነርሷ የተነገረው ለሐኪሙ ሲነገር መለወጡ፣ ሁለቱ አሳዳጊዎች የሚናገሩት አለመግጠሙ፣ ያለ በቂ ምክንያት ሕክምና መዘግየቱ፣ ጥፋቱ በታናሽ ወንድም ወይም እህት ላይ መላከኩ። ከሁሉ በላይ ግን የልጁን ዕድገት መዝኑ። ሕፃን በአብዛኛው መገልበጥ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ መራመድ የሚጀምረው ደግሞ 1 ዓመት ገደማ ነው። የ6 ሳምንት ጨቅላ «ተንከባሎ ከአልጋ ወደቀ» ከተባለ ታሪኩ ልጁ ገና የሌለውን ችሎታ እየሰጠው ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ስለ ጉዳቱ ከመነጋገራችሁ በፊት ጠይቁ፤ አሳዳጊው መልሱን ከታሪኩ ጋር ለማስማማት ጊዜ ሳያገኝ ማለት ነው።

የአሳዳጊው ጠባይ ደካማ ማስረጃ ነው። የሚያለቅስ አሳዳጊ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ፊቱ የደረቀውም በድንጋጤ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያያችሁትን ጻፉ እንጂ አትመኑበት።

ደረጃ 3፦ ልጁን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር መመርመር

ለጆሮ ሕመም የመጣ ጨቅላም ቢሆን ልብሱ ይውለቅ፤ የሽንት ጨርቁም ይፈታ። ከጆሮ ጀርባ፣ አገጭ ሥር፣ አፍ ውስጥ፣ የላይኛውን ከንፈር ከድድ የሚያያይዘውን ቀጭን ሥጋ፣ የእጅና የእግር መዳፍን ተመልከቱ። ክብደት፣ ቁመትና የጭንቅላት ዙሪያ ለክታችሁ በዕድገት መከታተያው ላይ አስፍሩ። ከፍ ያለውን ልጅ ግን አስፈቅዳችሁ፣ ገላውን በየተራ እየገለጣችሁና እየሸፈናችሁ እዩት። በምርመራ ስም ክብሩን መግፈፍ ሌላ ጉዳት ነው።

የበለዘ ቆዳ ከሁሉ በብዛት የሚታይና ከሁሉ በቀላሉ የሚታለፍ ምልክት ነው። መራመድ የጀመረ ልጅ ጉልበቱና ቅልጥሙ ላይ፣ ግንባሩም ላይ ቢበልዝ የተለመደ ነው። ገና የማይንቀሳቀስ ጨቅላ ግን እንዲሁ አይበልዝም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሌላ ጥናት ለመደበኛ የጤና ክትትል ከመጡ ከ6 ወር በታች የሆኑ 366 ሕፃናት መካከል የበለዘ ቆዳ የተገኘባቸው 2 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ ጥቃት እንደደረሰባቸው ከተረጋገጠ 200 ጨቅላዎች ውስጥ 27.5 በመቶው ቀደም ብሎ ትንሽ የምትመስል ጉዳት ታይቶባቸው እንደነበር አሳይቷል፤ የበለዘች ቦታ ወይም አፍ ውስጥ ያለች ቁስል። ጥቃት ካልደረሰባቸው ማወዳደሪያዎች መካከል እንዲህ ያለ ቀዳሚ ጉዳት የነበረበት አንድም አልተገኘም። በጨቅላ ጉንጭ ላይ ያለች ሳንቲም የምታህል ጥቁረት ድንገተኛ ጉዳይ ናት የምለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣና በ2021 የተሻሻለ አንድ ደንብ አለ፤ «ቴን ፎር ፌሲስ ፒ» ይባላል፤ ስሙ ቦታውን፣ ዕድሜውንና ቅርጹን የሚያስታውስ የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው። ከ4 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የበለዘ ቆዳ ሲታይበት ሦስት ነገር ያስጠይቃል። የመጀመሪያው ቦታው ነው፦ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ መቀመጫ ወይም ብልት፣ ጆሮ፣ አንገት፣ የመንጋጋ ማዕዘን፣ ለስላሳው ጉንጭ፣ የዓይን ቆብ፣ የዓይኑ ነጭ ክፍል፣ የከንፈርና የምላስ ማሰሪያ ሥጋ። ሁለተኛው ዕድሜው ነው፤ 4 ወርና ከዚያ በታች ከሆነ የትም ቦታ ቢሆን ያስጠረጥራል። ሦስተኛው ቅርጹ ነው፤ የጣት፣ የቀበቶ፣ የገመድ ቀለበት ወይም የንክሻ ቅርጽ ካለው። ደንቡ የበለዘ ቆዳ ባላቸው 2,161 ልጆች ላይ ተፈትኖ ጥቃት ከደረሰባቸው 95 በመቶውን ለይቷል፤ ካልደረሰባቸው ደግሞ 87 በመቶውን በትክክል አልፏቸዋል። ከዚህ በተረፈ ቀለሙን አይታችሁ «ይህ የሦስት ቀን ነው» አትበሉ። የበለዘ ቆዳን ዕድሜ በቀለም መወሰን አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ቃል ፍርድ ቤት ከቀረበ ንጹሑን ሊያስጠረጥር፣ ጥፋተኛውንም ነፃ ሊያወጣ ይችላል።

ቃጠሎን በተመለከተ ጠርዙን ተመልከቱ። ሙቅ ውሃ በድንገት የተደፋበት ልጅ ፍንጣቂ አለው፤ ቃጠሎውም ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። በግድ ሙቅ ውሃ ውስጥ የተነከረ ልጅ ግን እግሮቹ እኩል ካልሲ ያጠለቁ ይመስል ጥርት ያለ ወሰን ይኖራቸዋል፤ ፍንጣቂ የለም፣ ከገንዳው ወለል ጋር የተጣበቀው የመቀመጫ ክፍልም ሊተርፍ ይችላል። ክብና ጥልቅ፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁስል የሲጋራ ቃጠሎ ሊሆን ይችላል።

ገና በማይራመድ ሕፃን የሚገኝ የጭን አጥንት ስብራት፣ በየትኛውም ጨቅላ የሚገኝ የጎድን አጥንት ስብራት (በተለይ ወደ ኋላ፣ አከርካሪው አጠገብ)፣ የረጅም አጥንት ጫፍ መቆረስ፣ የትከሻ ሳህን አጥንት ስብራት፣ በተለያየ የመዳን ደረጃ ላይ ያሉ ብዙ ስብራቶች፦ እነዚህ አጥጋቢ ማብራሪያ እስኪገኝላቸው ድረስ ጥቃት ሊሆኑ እንደሚችሉ ታስበው ይታያሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራው የጭንቅላት ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም ውጪው ላይ ምንም ላይኖር ይችላል። ተቅማጥ የሌለበት ማስመለስ፣ ትኩሳት የሌለበት መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ከልክ ያለፈ መነጫነጭ ወይም መደንዘዝ፣ እርግብግቢት መወጠር፣ የጭንቅላት ዙሪያ በፍጥነት ማደግ ካያችሁ «ቫይረስ ነው» ከማለታችሁ በፊት ቆም በሉ። የጨቅላ ልቅሶ ከተወለደ በሁለተኛው ወር ገደማ ጫፍ ይደርሳል፤ በንዴት ልጅን መነቅነቅም ብዙ ጊዜ ከልቅሶ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ለአዲስ ወላጆች ሁሉ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ልቅሶው ሲበዛባቸው ልጁን በጀርባው አስተኝተው፣ ክፍሉን ለጥቂት ደቂቃ ለቀው ወጥተው መረጋጋት ነውር አይደለም።

ደረጃ 4፦ ቸልታን ከድህነት መለየት

ቸልታ በብዛት ከሚገኙት የጥቃት ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ሆኖም አንድ ቀን ላይ አይታይም። የሚታየው ካርዱ ከፊት ወደ ኋላ ሲነበብ ነው። ክብደቱ በመከታተያው ላይ ሁለት መስመር አቋርጦ ወርዷል። ክትባቱ ተቋርጧል። ጥርሱ በስብሶ እያመመው ወራት አልፈዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ አልቆ ማንም ለመውሰድ አልመጣም። አንድ ዓይነት አደጋ፣ መመረዝ ወይም መውደቅ፣ ተደጋግሟል። ልጅ በቀጠሮው ካልተገኘ «አልመጣም» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ልጅ በራሱ አይመጣም፣ የሚያመጣው ሰው አለ። በተከታታይ የቀሩ ቀጠሮዎች ራሳቸው ምልክት ናቸው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ገንዘብ ማጣት ቸልታ አይደለም። እናት መድኃኒቱን ያልገዙት መግዣ ስለሌላቸው ከሆነ ችግሩ የሚፈታው በመድኃኒት እንጂ በክስ አይደለም። መጀመሪያ እንቅፋቱን ጠይቁ፦ ርቀት ነው? ገንዘብ ነው? የአሳዳጊው የራሱ ሕመም ወይም ድብርት ነው? መመሪያውን አለመረዳት ነው? የምትችሉትን እርዳታ አቅርቡና አጭር ቀጠሮ ስጡ። እርዳታው ተሰጥቶ ልጁ አሁንም እየተጎዳ ከሆነ፣ ወይም አደጋው ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ያን ጊዜ ማሳወቅ ግዴታ ይሆናል።

አካል ጉዳተኛ ልጆችን በልዩ ዓይን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እነዚህ ልጆች ለጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች 3.7 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። «ጠባዩ ተለወጠ» ሲባል ሁሉን በአካል ጉዳቱ ማሳበብ ይቀናናል።

ደረጃ 5፦ ከልጁ ጋር መነጋገር

መናገር የሚችል ልጅ ከተቻለ አሳዳጊው በሌለበት ይነጋገር። ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ክፍት ጥያቄ ጠይቁ። «ስለዚህ ቁስል ንገረኝ» ይባላል እንጂ «አባትህ መታህ?» አይባልም። መልሱን በአፉ የሚያጎርስ ጥያቄ ልጁን ያደናግራል፤ ቃሉንም በኋላ ያረክሰዋል። ለሕክምናና ለደኅንነት የሚበቃችሁን ያህል ስትሰሙ አቁሙ። ዝርዝሩን ለዚህ የሠለጠነ ሰው አንድ ጊዜ ይጠይቀው፤ በየክፍሉ እንዲደግመው አታድርጉ።

ልጅ ምስጢር ነው ብሎ ሊነግራችሁ ሲል «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ። አምንሻለሁ። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። አንቺን ለመጠበቅ የሚረዱኝ ጥቂት ሰዎች ጋር መነጋገር አለብኝ፤ ምን እንደምናደርግም እነግርሻለሁ።» በፊታችሁ ላይ ድንጋጤ ወይም ቁጣ ካየ ልጁ ተመልሶ ይዘጋል።

ደረጃ 6፦ ጾታዊ ጥቃት ሲጠረጠር

እዚህ ላይ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሲፈጥንም ይበልጥ ይሠራል። እርግዝና ሊፈጠርባት ለምትችል ልጅ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ የአባላዘር በሽታዎች ምርመራና ሕክምና፣ የእርግዝና ምርመራ ተከትለው ይታያሉ። የማስረጃ ናሙና የሚወሰድ ከሆነ በሠለጠነ ሰው፣ ልጁ ሳይታጠብ ቢሆን ይመረጣል፤ ልብሱ በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ እርጥበት ማስረጃውን ያበላሸዋልና።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ እውነት አለ፤ ሁሉም ባልደረባ ሊያውቀው ይገባል። አብዛኞቹ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ሲመረመሩ አካላቸው ላይ ምንም የተለየ ነገር አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመና 2,384 ልጆችን በያዘ ጥናት ወደ 96 በመቶ የሚሆኑት ምርመራቸው ጤናማ ነበር። ስለዚህ በካርዱ ላይ «ምንም ስላልተገኘ ጥቃት የለም» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው። «የምርመራው ጤናማ መሆን ጥቃት መድረሱን አያስተባብልም» ብላችሁ ጻፉ። «ድንግልናዋ» የሚለው ቃል በሕክምና ወረቀት ላይ ቦታ የለውም፤ በምርመራ የሚረጋገጥ ነገር አይደለም። ልጁ ወይም ልጅቷ ፈቃዳቸውን ካልሰጡ ምርመራው በግድ አይደረግም።

ደረጃ 7፦ ጥቃት የሚያስመስሉ ሕመሞችን ማጣራት

ቤተሰብን በከንቱ ማስጨነቅ ቀላል ነገር አይደለምና ይህን በጥንቃቄ ሥሩ። ሲወለዱ ጀምሮ ጀርባና መቀመጫ ላይ ያሉ ሰማያዊ ነጥቦች የበለዘ ቆዳ አይደሉም፤ በሳምንታት ውስጥ አይጠፉም። የደም አለመርጋት ሕመሞችና የቫይታሚን ኬ እጥረት ሰውነትን ያበልዛሉ። በተፈጥሮ ተሰባሪ የሆነ አጥንትና ሪኬትስ (የልጆችን አጥንት የሚያለሰልስ ሕመም) ለስብራት ይዳርጋሉ። የቆዳ ኢንፌክሽን የሲጋራ ቃጠሎን ሊመስል ይችላል፤ ላይከን ስክሌሮሰስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ደግሞ በብልት አካባቢ ደም ያስቋጥራል።

ምርመራውም ይኸው ነው፦ ሙሉ የደም ቆጠራ ከፕላትሌት ጋር፣ የደም መርጋት ምርመራዎች፣ ስብራት ካለ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ አልካላይን ፎስፋቴዝና ቫይታሚን ዲ፣ እንዲሁም የጉበት ኢንዛይሞች። ከጉበት ኢንዛይሞቹ ኤኤስቲ ወይም ኤኤልቲ በሊትር ከ80 ዩኒት በላይ ከሆነ ሆዱ ላይ ምንም ባይታይም የውስጥ ጉዳት መኖሩ በሲቲ ስካን ይታይ። ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጥቃት ከተጠረጠረበት የሁሉም አጥንቶች ራጅ ክፍል በክፍል ይነሳ፤ መላ ሰውነትን በአንድ ፊልም ማንሳት ይህን አይተካም። የጭንቅላት ጉዳት ከተጠረጠረ ሲቲ ስካን፣ ከዚያም የዓይን ሐኪም ሬቲናውን (የዓይኑን የውስጠኛ ጀርባ ሽፋን) ይመልከት። ከ6 ወር በታች በሆነ ጨቅላ ላይ አጠራጣሪ ጉዳት ካለ፣ ምንም የአንጎል ምልክት ባይኖርም ጭንቅላቱ እንዲታይ እመክራለሁ።

አስመሳይ ሕመም ተገኘ ማለት ግን ጥቃት የለም ማለት አይደለም። የደም ሕመም ያለበት ልጅም ሊመታ ይችላል።

ደረጃ 8፦ መመዝገብ

ከዓመት በኋላ በፍርድ ቤት የሚቆመው የእናንተ ትዝታ ሳይሆን ካርዱ ነው። የተነገረውን በተናጋሪው ቃል፣ በትምህርተ ጥቅስ፣ ማን እንደተናገረና ስንት ሰዓት ላይ እንደተናገረ ጻፉ። «ሕፃኑ ተደብድቧል» ብሎ መጻፍ ድምዳሜ ነው። «በግራ ጉንጭ ላይ ሦስት ትይዩ፣ እያንዳንዳቸው 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ቀላ ያሉ መስመሮች አሉ፤ እናት ‹ከወንበር ወደቀ› ብለዋል፤ መግለጫው ከጉዳቱ ጋር አይስማማም» ብሎ መጻፍ ግን ማስረጃ ነው። እያንዳንዱን ጉዳት በሰውነት ሥዕል ላይ አስፍሩ። ፎቶግራፍ በተቋሙ ካሜራ፣ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ ከማስመሪያ ጋር ይነሳ። በግል ስልክ አታንሱ፤ ለማንም አትላኩ።

ደረጃ 9፦ ማሳወቅና ልጁን መጠበቅ

ለማሳወቅ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃል። እርግጠኛ እስክትሆኑ አትጠብቁ። የበታች ባለሙያ ከሆናችሁና አለቃችሁ «ተዉት» ካሉ ምክንያታቸውን ጠይቁ፣ ጻፉት፤ ሕጉ በግል ግዴታ ከጣለባችሁ ደግሞ የአለቃ ቃል ከግዴታው አያድናችሁም። ስልክ ከደወላችሁ በጽሑፍም አረጋግጡ፤ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን መዝግቡ።

በአብዛኛው ለወላጆች ራሳችሁ መንገር ይሻላል፤ ያለ ክስ፣ በአክብሮት። «ይህ ጉዳት በነገሩኝ መንገድ ሊፈጠር አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ስናይ ሁልጊዜ ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን። የእርስዎም የእኛም ፍላጎት ልጅዎ ደህና እንዲሆን ነው።» ነገር ግን መንገሩ ልጁን ይበልጥ ለአደጋ የሚያጋልጠው፣ ልጁን ይዘው እንዲሰወሩ የሚያደርግ ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ ከሆነ አትንገሩ። ጾታዊ ጥቃትና ሆን ተብሎ የተፈበረከ ሕመም (አሳዳጊው ልጁ የታመመ ሲያስመስል ወይም ራሱ ሲያሳምመው) ሲጠረጠር በተለይ ከጥበቃ ተቋሙ ጋር ሳትመክሩ አትናገሩ። የተፈበረከ ሕመም የሚጠረጠረው ምልክቶቹን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ሲሆንና ያ ሰው ሲርቅ ሕመሙ ሲጠፋ ነው።

ዛሬ ማታ ልጁ የት ያድራል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ አይሸኝ። ካልተመለሰ አስተኙት፤ ለሕክምና አልጋ ባያስፈልገው እንኳ ለደኅንነቱ ያስፈልገዋል። እቤት ሌሎች ልጆች እንዳሉም ጠይቁ። ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ወንድምና እህቶች፣ በተለይ መንታው፣ በዚያው ቀን ይመርመሩ። አሳዳጊዋ ራሳቸው በቤት ውስጥ ጥቃት እየደረሰባቸው እንደሆነም ለብቻቸው ጠይቁ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ይገኛሉ።

ደረጃ 10፦ ከዚያ በኋላ

አሳውቆ መርሳት ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። የመጀመሪያው የአጥንት ራጅ ንጹሕ ቢሆንም ጥርጣሬው ካለ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገም፤ አዲስ የጎድን አጥንት ስብራት መዳን ሲጀምር ነው ጎልቶ የሚታየው። ኤች አይ ቪ መከላከያ የጀመረ ልጅ 28 ቀን መጨረሱን ተከታተሉ፤ የደም ምርመራው ቀጠሮም ይያዝ። ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ፣ ወይም ድንገት አልጋ ማርጠብ ከጀመረ ለሥነ አእምሮ ባለሙያ ይላክ። ለጥበቃ ተቋሙ ደውላችሁ ምን እንደተደረገ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ እንደገና ደውሉ፣ የደወላችሁበትንም ቀን በካርዱ ላይ ጻፉ።